ትንፋሹ የሚጮኽ ጨቅላ፦ አስም ነው፣ ክሩፕ ነው ወይስ የደም ሥር ቀለበት?

ደንገል

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄው ለሕፃናት ሐኪሞች፣ ለራጅና ለሰመመን ባለሙያዎች ነው። በጣና ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ከተወለደ ጀምሮ ትንፋሹ የሚጮኽ ጨቅላ ሲመጣ ካርዱ ላይ የሚሰፍረው ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ሳንባ ምች፣ አስም ወይም ክሩፕ (ማንቁርት አካባቢን የሚያሳብጥ የቫይረስ ሕመም)። አሞክሳሲሊን ይታዘዛል፣ የአስም መድኃኒቱ ሳልቡታሞል በስፔሰር (በሚተነፍሱበት ቱቦ) ይሰጣል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሕፃኑ ያንኑ ድምፅ ይዞ ይመለሳል። ከጀርባው የደም ሥር ቀለበት፣ ማለትም የአየርና የምግብ ቧንቧን ከብቦ የሚጫን የደም ሥር፣ ሊኖር እንደሚችል ሁላችንም ተምረናል፤ ትምህርቱ ግን ከአንድ አንቀጽ አላለፈም። ራጅ በሌለበት ክፍል፣ በጆሮና በዓይን ብቻ ምን ይዤ ልጠርጥር? ባሕር ዳር ስልክስ ወረቀቱ ላይ ምን ልጻፍ?

ጢስ ዓባይ

ከድምፁ እንጀምር። ልብሱን እስከ እምብርቱ ግለጥና እናቱ እቅፍ ውስጥ ጸጥ ብሎ ሳለ አንድ ሙሉ ደቂቃ አዳምጥ። ስቴቶስኮፑን ደረቱ ላይ ብቻ ሳይሆን አንገቱም ላይ አሳርፍ። ሲስብ ብቻ የሚጮኽ ከሆነ ጠባቡ ቦታ ከደረት በላይ፣ ማንቁርት አካባቢ ነው። ሲያወጣ ብቻ ከሆነ ደረት ውስጥ ነው። ሲስብም ሲያወጣም ካለ ጠባቡ ቦታ ከትንፋሹ ጋር አይሰፋም አይጠብም ማለት ነው። ቀለበት የሚጠረጠረው እዚህ ላይ ነው።

የጨቅላ ስትራይደር (ከጠበበ የአየር መንገድ የሚወጣው ጩኸት) ከሁሉ በላይ የሚመጣው ከላሪንጎማላሺያ ነው፤ የማንቁርቱ ለስላሳ ክፍል አየር ሲሳብ ወደ ውስጥ ይወድቃል። እሱ ሲስብ ብቻ ይጮኻል፣ በጀርባው ሲያስተኙት ይብሳል፣ በሆዱ ሲሆን ይቀላል፣ አብዛኛውም ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይጠፋል። ቀለበት እንዲህ አይለዋወጥም። በጀርባም በሆድም በእንቅልፍም አለ፤ ሲጠባና ሲያለቅስ ደግሞ ይጨምራል። ሳሉ ደረቅና ሻካራ ነው፣ ቆርቆሮ የመታ ያህል ያስተጋባል። አንድ ነገር በዓይን ይታያል፦ ሕፃኑ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ መተኛት ይወዳል። አንገት ወደ ኋላ ሲሄድ የአየር ቧንቧው ይወጠርና ከጫናው ጥቂት ያመልጣል። እናቲቱ «አንገቱን እያጣመመ ነው» ብላ ብታስተካክለው ይታፈናል።

ሳልቡታሞልን በተመለከተ፦ ሁለት ጊዜ በትክክል ተሰጥቶ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይተህ አዳምጠህ ምንም ካልተለወጠ፣ ሦስተኛውን ከመስጠትህ በፊት ምርመራህን እንደገና አስብ። ችግሩ የብሮንካይ ጡንቻ መኮማተር ካልሆነ መድኃኒቱ የሚፈታው ነገር የለም። እንዲያውም ግድግዳው የላላ የአየር ቧንቧ ጡንቻው ሲፈታ ይበልጥ ሊከደን ይችላል። ክሩፕም እንዲሁ ነው። ክሩፕ በተለምዶ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ በሽታ ነው፣ ከጉንፋን ጋር መጥቶ በጥቂት ቀን ይሄዳል። የሁለት ወር ሕፃን ካርድ ላይ ክሩፕ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ካየህ ሦስተኛውን አትጻፍ።

ጢስ ዓባይ

(ቀጣይ) ለምን ቀለበት እንደሚሆን ባጭሩ። በጽንሱ የመጀመሪያ ሳምንታት ከአኦርታ (ከልብ ከሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ) ግራና ቀኝ ጥንድ ቅስቶች ይወጣሉ፣ መሐላቸው የአየርና የምግብ ቧንቧ አለ። በተለመደው መንገድ የቀኙ የኋላ ክፍል ይጠፋል፣ ግራው ይቀራል፣ ቀለበቱም ይከፈታል። ሁለቱም ከቀሩ ድርብ የአኦርታ ቅስት ይባላል፤ ሁለቱ ቧንቧዎች መሐል ላይ እንደ ታነቁ ይቀራሉ። ብዙውን ጊዜ ቀኙ ትልቅና ከፍ ያለ ነው። ሌላው ዓይነት ደግሞ አኦርታው በቀኝ ሲሆን የግራ ክንድ ደም ቅዳ ከምግብ ቧንቧ ጀርባ ዞሮ ሲወጣ ነው፤ ቀለበቱን የሚዘጋው ደም ሥር ሳይሆን ጅማት ነው፣ ከልደት በፊት ደም ያሳልፍ የነበረው ዳክተስ ደርቆ የሚተወው። ይህን አስታውሱት፣ ራጅ ቤት ስንደርስ ይመጣል።

ድርብ ቅስት ጠበቅ ስለሚል በመጀመሪያዎቹ ወራት ይታያል። የቀኝ ቅስቱ ላላ ይላል፣ ዘግይቶ ይመጣል።

ሌላ ሁለት ነገር አለ፣ ሙሉ ቀለበት ያልሆኑ። አንደኛው የግራ ሳንባ ደም ቅዳ ከቀኙ ተነሥቶ በአየርና በምግብ ቧንቧ መካከል ሰንጥቆ ሲያልፍ ነው፤ ስሊንግ የሚሉት። እሱ ክፉ ነው፣ የአየር ቧንቧው ራሱ ብዙ ጊዜ በተፈጥሮው ጠባብ ይሆናልና፤ የኋላ ግድግዳው ለስላሳ መሆኑ ቀርቶ ዙሪያውን ልሙጥ የልምአጥንት ክብ ይሆናል። ሁለተኛው ወደ ቀኝ ክንድና አንገት የሚሄደው ትልቁ ደም ቅዳ ከፊት ሲጫን ነው። ይሄኛው አብዛኛው ሲያድግ ይለቃል፤ ትንፋሽ እስከ ማቆም ከደረሰ ግን ቀዶ ሕክምና ነው።

ታንኳ

ዶክተር፣ ጉንፋን ሲይዛቸው ድንገት የሚወድቁት ለምንድን ነው? ድምፁ እንጂ ሌላው ደኅና የነበረ ሕፃን ነው።

ጢስ ዓባይ

በስፋቱ ስሌት ነው። የጨቅላ የአየር ቧንቧ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው እንበል። ዙሪያውን 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያብጥ የቀረው መንገድ 2 ሚሊ ሜትር ነው። አየር የሚገጥመው ተቃውሞ ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ በ2 ሳይሆን በ16 እጥፍ ይጨምራል። የአዋቂ ቧንቧ ላይ ያው 1 ሚሊ ሜትር እብጠት ብዙም አይታወቅም። ቀለበት ያለበት ሕፃን ከመነሻው ጠባቡ ላይ ቆሟል፤ አክታ ሲጨመርበት የሚያልፍበት የለውም። አክታው ከጠባቡ በታች ስለሚጠራቀምም ሳንባ ምቹ ይደጋገማል። ስለዚህ «ሳንባ ምች ነው» የሚለው ካርድ ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም፤ ያልተጠየቀው ለምን እንደተደጋገመ ነው።

ዋንዛ

እኔ የምጨምረው ቤት ውስጥ የሚሆነውን ነው፣ ሪፈር ከመጻፉ በፊት ብዙ ጊዜ ያልፋልና።

ትንፋሹ የሚጮኽ ወይም ሲጠባ የሚያንቀው ልጅ «እንጥሉ ወርዷል» ይባላል፣ ለማስቆረጥም ይወሰዳል። እንጥል ያለው አፍ ውስጥ ነው፤ ቀለበቱ ያለው ከደረት አጥንት ጀርባ። አይገናኙም። የሚገናኘው ነገር ጉዳቱ ነው፦ ደሙ ወደ ታች ይፈስሳል፣ ቁስሉ ያብጣል፣ ጠባቧ መንገድ ላይ ሌላ ጠባብ ይጨመራል። አፉን ስታዩ እንጥሉ ከተቆረጠ ጻፉት፤ ችግሩ ከዚያ በፊት መጀመሩንና በኋላም መቀጠሉን ጠይቁ። ተቆርጦም ካልተሻለው ምክንያቱ ሌላ ቦታ ነው፣ ለቤተሰቡ ለማስረዳትም ይቀላል።

ቅቤ ማስዋጥም አለ። በደንብ መዋጥ ለማይችል ጨቅላ ቅቤ ወደ ሳንባ ይገባል፣ ቅባት የሚያመጣው የሳንባ ምች ደግሞ በአንቲባዮቲክ አይለቅም። ሳትቆጡ፣ «ምን አቅምሳችሁታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ስትቆጡ ይደብቃሉ።

ሦስተኛው የምግብ ጊዜ ነው። የእናት ጡት ወተት ቀጭን ስለሆነ በጠበበ የምግብ ቧንቧም ያልፋል። ስለዚህ የመዋጥ ችግሩ እስከ 6 ወር ላይታይ ይችላል፤ ገንፎ ሲጀመር ይወጣል። ሕፃኑ አጥሚቱን ይጠጣል፣ ገንፎውን ይመልሳል ወይም ጉንጩ ውስጥ ይይዘዋል፣ አንድ ጉርሻ ለመዋጥ ብዙ ይቆያል። «ምግብ አይወድም» ተብሎ ክብደቱ ሲወርድ ይከርማል። ትንፋሹም ድምፅ ካለው ሁለቱን አንድ ላይ አስቡ።

ራጅ ቤት

የእኔ ተራ ነው። መጀመሪያ ተራው የደረት ራጅ፣ ከፊትና ከጎን። ሁሉም ከፊት ብቻ ያዛል፣ ብዙው ነገር ግን ያለው ከጎኑ ላይ ነው። አንገቱም እንዲገባ ንገሩን።

ከፊት ሲታይ የጨቅላ የአየር ቧንቧ አኦርታው ግራ ስለሆነ ትንሽ ወደ ቀኝ ይገፋል። ቀጥ ብሎ መሐል ላይ ካለ ወይም ወደ ግራ ከሄደ የቀኝ ቅስት ወይም ድርብ ቅስት አስቡ። የጨቅላ ታይመስ (ከደረት አጥንት ጀርባ ያለው የበሽታ መከላከያ ዕጢ) ትልቅ ስለሆነ ቅስቱን ራሱን ይሸፍናል፤ ስለዚህ ቅስቱን አትፈልጉ፣ ቧንቧው ወዴት እንደሄደ እዩ። ከጎን ደግሞ ቧንቧው በቅስቱ ደረጃ ጠቦ ወደ ፊት ከጎበጠ ከኋላው የሚገፋው ነገር አለ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሕፃኑ እያለቀሰ፣ ትንፋሹን ሲያወጣ የተነሣ ራጅ ላይ ጤነኛ ቧንቧም ይጎብጣል። ሲስብ ያልተነሣ ፊልም ይዛችሁ አትከራከሩ።

ቀጥሎ ባሪየም፣ ተውጦ የምግብ ቧንቧውን በራጅ ላይ የሚያሳየው። ቀጭን አድርጋችሁ በጥብጡ፣ በጡጦ ወይም በሲሪንጅ ጥቂት ጥቂት፣ 5 ሚሊ ሊትር ገደማ እየሰጣችሁ፤ ሰክሽን (ፈሳሽ መምጠጫው) አጠገባችሁ ክፍት ይሁን። ከጎን ጀምሩ፣ ከዚያ ከፊት። የሚታየው ጥርስ የነከሰው ያህል ስርጉድ ነው፦

ከፊት በግራም በቀኝም ስርጉድ፣ ከጎን ደግሞ ከኋላ ትልቅ ስርጉድ ካለ ድርብ ቅስት ነው፤ የቀኙ ስርጉድ አብዛኛውን ጊዜ ከግራው ከፍ ይላል። ስርጉዱ ከምግብ ቧንቧው ፊት፣ ከአየር ቧንቧው ኋላ ከሆነ ስሊንግ ነው፤ በሁለቱ መሐል የሚያልፍ ሌላ ደም ቅዳ የለም። ምግብ ቧንቧው ምንም ሳይሆን የአየር ቧንቧው ከፊት ከተጫነ ያ ወደ ቀኝ ክንድና አንገት የሚሄደው ነው። ከኋላ አግድም የሚያልፍ ቀጭን ስርጉድ ብቻ ከሆነ መንገዱን የሳተ የክንድ ደም ቅዳ ነው። የቀኝ ክንዱ ከሆነ በጤነኛ ሰውም ከመቶ አንድ ገደማ ይገኛል፣ ብቻውን የጨቅላ ትንፋሽ አያስጮኽም። ይህን አግኝታችሁ ሌላውን መፈለግ አታቁሙ።

ወደ ሳንባ ይገባል ብላችሁ ከፈራችሁ ጋስትሮግራፊን የሚባለውን የሚዋጥ የራጅ ቀለም አትጠቀሙ። በጣም የተከማቸ ስለሆነ ሳንባ ውስጥ ከገባ ውኃ ስቦ ሳንባውን ያጥለቀልቀዋል። ለሲቲ የምንጠቀምበትን ዝቅተኛ ክምችት ያለውን አዮዲን ውሰዱ።

ጉዛራ

በአንድ ነገር ከራጅ ቤት ጋር አልስማማም። ሲቲ በሚደረስበት ቦታ ሁሉ ባሪየሙን ዘልሎ ወደ ሲቲ አንጂዮ (ቀለም በደም ሥር ሰጥቶ ደም ሥሮቹን በሲቲ ማንሣት) መሄድ ይሻላል። ባሪየም ቀለበት መኖሩን ይናገራል፣ ቀዶ ሐኪሙ በየት በኩል ደረት እንደሚከፍት ግን አይነግረውም። የሚያንቅ ሕፃን ሁለት ጊዜ ማስጨነቅ ለምን?

ራጅ ቤት

ሲቲው ዛሬ የሚነሣ ከሆነ እስማማለሁ። ሳምንት የሚያስጠብቅ ከሆነ ግን አልስማማም። የ10 ደቂቃ ባሪየም ንጹሕ ከሆነ ሙሉ ቀለበት የመኖሩ ዕድል በጣም ይወርዳል፤ ስርጉዱ ካለ ደግሞ ያችን ወረቀት ይዛችሁ የሲቲውን ወረፋ ታሳጥራላችሁ። ጥያቄው የማሽን ሳይሆን የወረፋ ነው።

ሲቲውን ስናነሣ፦ ቀለም በኪሎ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሊትር፣ ከማንቁርት እስከ ድያፍራም። መርፌው እግር ላይ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ክንድ ላይ ሲሆን ያልተበረዘ ቀለም ከቅስቱ አጠገብ ሲያልፍ ያብረቀርቅና ምስሉን ያበላሻል። ቮልቴጁን ዝቅ አድርጉ፣ ከ70 እስከ 80 ኪሎቮልት ለጨቅላ ይበቃል። ላይኛው ደረት ላይ ከአየር ቧንቧው ዙሪያ አራት ደም ቅዳ፣ ሁለቱ ከፊት ሁለቱ ከኋላ፣ ግራና ቀኝ ተመጣጥነው ከቆሙ ድርብ ቅስት ነው።

አሁን ዶክተር ያሉት ጅማት ይምጣ። ደም የማያልፍበት ነገር ቀለም አይዝም፤ ሲቲ ላይ ጅማት አይታይም፣ በኢኮም (በልብ አልትራሳውንድ) አይታይም። የተደፈነ የቅስት ክፍልም እንዲሁ። «ቀለበቱ ክፍት ነው» የሚል ንባብ ስታዩ ቅስቱ ቀኝ መሆኑን፣ የግራ ክንድ ደም ቅዳው መነሻው ላይ ማበጡን ጠይቁ። ሁለቱ ካሉ የማይታየው ጅማት አለ ብላችሁ ያዙ።

ጉዛራ

አሁን ሰመመን። ሰው የሚሞትበት ቦታ እዚህ ነውና ልዘርዝር።

ለሲቲ በተቻለ መጠን ማስተኛ መድኃኒት አትስጡ። ማሽኑ የሚፈልገው ጥቂት ሰከንድ ነው። ከ3 ወይም ከ4 ወር በታች ያለ ሕፃን ተርቦ እንዲቆይ፣ መርፌው አስቀድሞ እንዲገባ፣ ከዚያ ጠብቶ፣ አግስቶ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ክፍሉ ጨልሞ ይተኛል። ሲጠባ የሚያንቀውን ግን ሆዱን ሞልታችሁ በጀርባው አታስተኙት።

ማስተኛት ግድ ከሆነ በራሱ የሚተነፍስበትን መንገድ ጠብቁ። ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ቱቦው ጠባቡን ማለፉ ሳይረጋገጥ አይሰጥም፤ ያ ሕፃን ቧንቧውን ክፍት ያደረገው በራሱ ጉልበት ነው። ቱቦ ስታዘጋጁ በዕድሜው የሚገባውን፣ ከሱ በግማሽና በአንድ ሚሊ ሜትር የሚያንሱትን ጨምራችሁ ሦስት መጠን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ቱቦው በማንቁርት በኩል በቀላሉ ገብቶ ደረቱ ካልተነሣ ጠባቡ ከታች ነው፤ ጫፉን በዝግታ ወደ ታች አሳልፉ፣ እምቢ ካለ ግን አትግፉ። በተለይ ስሊንግ ከሆነ ክቡ ልምአጥንት አይለጠጥም፣ ትገፉታላችሁ ይቆስላል፣ ያብጣል፣ ሙሉ ለሙሉ ይዘጋል።

አንድ ነገር በቀይ ይጻፍልኝ። ቀለበት ባለበት ሕፃን የአፍንጫ መመገቢያ ቱቦ ለረጅም ጊዜ አይቀመጥም። በአንድ በኩል ጠንካራ ቱቦ፣ በሌላ በኩል የሚመታ ደም ቅዳ፣ መሐል የምግብ ቧንቧው ግድግዳ። ግድግዳው ይበሳና ደም ቅዳው ወደ ምግብ ቧንቧ ይከፈታል። መጀመሪያ ትንሽ ደም ያስተፋል፣ ቀጥሎ የሚቆም አይሆንም። መመገብ ግድ ከሆነ ለስላሳና ቀጭን ቱቦ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ወይም አስገብቶ አብልቶ ማውጣት።

ግዮን

ስለ ቀዶው ጥቂት። ይህ አዲስ ሥራ አይደለም፤ ድርብ ቅስትን ለመጀመሪያ ጊዜ ቆርጦ የለየው ሮበርት ግሮስ ነው፣ ቦስተን ላይ፣ በ1945 እ.ኤ.አ.። የዛሬውም መርሕ ያው ነው። አብዛኛው በግራ ደረት በአራተኛው የጎድን አጥንት ክፍተት ይገባል፣ ልብ አይቆምም። ከሁለቱ ቅስቶች ያነሰው ይቆረጣል፤ አስቀድሞ ግን ለጊዜው ተይዞ የሁለቱም ክንዶች፣ የአንገትና የእግር ምት ይፈተሻል። ምት ከጠፋ የተያዘው የተሳሳተው ነው። ጅማቱም ይቆረጣል፣ በምግብ ቧንቧው ዙሪያ የተጣበቀው ክርም ይለቀቃል፤ ይሄ ከተተወ ልጁ ታክሞም ገንፎ አይወርድለትም። ስሊንግ ሲሆን ግን ደረት በመሐል ይከፈታል፣ የልብና ሳንባ ማሽን ያስፈልጋል፣ የጠበበው የአየር ቧንቧም በዚያው ይሰፋል።

ከቀዶ በኋላ የሚያስቸግሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው ድምፅ መጎርነን፣ ወደ ማንቁርት የሚመለሰው ነርቭ እዚያው ሥር ስለሚዞር። ሁለተኛው ወተት ሲጀመር የደረት ቱቦው ውስጥ ወተት የመሰለ ፈሳሽ መምጣት ነው፤ በፈሳሹ ውስጥ ያለው ስብ (ትራይግሊሰራይድ) በዴሲ ሊትር ከ110 ሚሊ ግራም ከበለጠ የሊምፍ ቧንቧ ተነክቷል።

እባካችሁ ለእናቲቱ አስቀድማችሁ ንገሯት፦ ቀለበቱ ተቆርጦም ድምፁ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ሲጫን የኖረው ልምአጥንት ላልቶ ስለሚቀር ነው፣ ሲያድግ ይጠነክራል። ያልተነገራት እናት «ቀዶው አልሠራም» ብላ ወደ ጠበል ወይም ወደ እንጥል ቆራጭ ትሄዳለች። ጠበሉ ባይጎዳም ክትትሉን አታቋርጥ።

ታንኳ

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በአምቡላንስ ሲላክ ኦክስጅኑ ስንት ይበቃል?

ጉዛራ

በተለምዶ አምቡላንስ ውስጥ ያለችው ትንሿ ኢ የምትባለው ሲሊንደር ሙሉ ስትሆን 680 ሊትር ገደማ ትይዛለች። በደቂቃ 1 ሊትር 11 ሰዓት፣ በደቂቃ 2 ሊትር ከ6 ሰዓት በታች። በ2 ሊትር አንዷ አዲስ አበባ አታደርስም። ሁለት ያዙ፣ ጌጁን ከመነሣታችሁ በፊት በዓይናችሁ እዩ። መንገዱም ልብ ይባል፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ መንገዱ ዓባይን ሲሻገር ወርዶ ከ2,500 ሜትር በላይ ይወጣል። እዚህ 92 በመቶ የነበረው የደሙ ኦክስጅን እዚያ 88 ሊሆን ይችላል፣ ሕፃኑ ሳይብስበት። ከ90 በላይ እንዲቆይ ፍሰቱን ጨምሩ እንጂ አትደንግጡ። አንገቱን ከትከሻው ሥር በታጠፈ ጨርቅ ትንሽ ቀልብሱት። ትራስ ከጭንቅላቱ ሥር አይገባም፣ ይህ ብቻ ሕፃን ያድናል።

ጢስ ዓባይ

ከመላኩ በፊት ካልሲየም ይመርመር። የቅስት ችግር ካለባቸው የተወሰኑት የ22ኛው ክሮሞዞም ቁራሽ የጎደላቸው ናቸው፤ ካልሲየማቸው ይወርዳል፣ ታይመሳቸው ትንሽ ነው ወይም የለም። ርካሽ ምርመራ ነው፣ ቀዶ ክፍል ውስጥ የሚመጣን መንቀጥቀጥ ይከላከላል። ራጁ ላይ ታይመስ ካልታየ ያንንም ጻፉ፤ የሚሰጠው ደም ጨረር የተደረገበት መሆን ይኖርበታል።

ደንገል

እግዜር ይስጥልኝ። ቀረችኝ ወረቀቷ። ከደቅም ከዘጌም በጀልባ የሚመጣ አለ፤ «ስትራይደር፣ ለበለጠ ምርመራ» ብዬ ልኬ ተራ ተመላላሽ ክፍል ሰልፍ ላይ እንዲውል አልፈልግም።

ጢስ ዓባይ

በመጀመሪያ፣ ጸጥ ብሎ ሳለ ስትራይደር ያለው ሕፃን በሕፃናት ሕክምና መመሪያችን አስጊ ምልክት ነው፤ ቀጠሮ አይሰጠውም። ትንፋሹ በደቂቃ ከ2 ወር በታች 60፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50 ከደረሰ ወይም ኦክስጅኑ ከ90 በታች ከሆነ ያንኑ ዕለት ይሄዳል። ሲጠባ የሚጠቁር ወይም ትንፋሹ የሚቆም፣ ቢመለስም፣ ያው ነው።

ወረቀቱ ላይ እንዲህ ጻፍ፦ «ከተወለደ (ይህን ያህል) ቀን ጀምሮ፣ ሲስብም ሲያወጣም፣ በእንቅልፍም የማይጠፋ ስትራይደር። በአቀማመጥ አይለወጥም። ለሳልቡታሞል (ይህን ያህል ጊዜ) መልስ አልሰጠም። አንገት ወደ ኋላ ይቀለብሳል። ሲጠባ ያንቀዋል። ጥርጣሬ፦ የደም ሥር ቀለበት። የሚጠየቅ፦ የደረት ራጅ ከፊትና ከጎን፣ ባሪየም ወይም ሲቲ አንጂዮ።» የተመዘነውን ክብደት ሁሉ ከነቀኑ ጽፈህ አስገባ፣ እንጥሉ ተቆርጦ እንደሆነም። ሲጮኽ በስልክ የ30 ሰከንድ ቪዲዮ ቅረጽና ለእናቲቱ ስልክ ላክላት፤ ፈረቃ ላይ ያለው ሐኪም ጋ ሲደርስ ሕፃኑ ጸጥ ብሎ ሊሆን ይችላል።

ራጅ ቤት

ቪዲዮው ላይ ደረቱ ይታይ፣ ፊቱ ብቻ አይደለም። ወደ ውስጥ ይሰረጉድ እንደሆነ ማየት እንፈልጋለን።